የተከዜ ሐይቅ ዓሣ ስንት ነው?

ስሜን ተራሮችን የሚጎበኝ ሰው ዓይኑ ወደ ላይ ነው። ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ከቀናውም ቀይ ቀበሮን ይፈልጋል። ከተራሮቹ ግርጌ በስተምሥራቅ ግን የቀድሞ ካርታዎች የማያውቁት ሰፊ ውሃ ተኝቷል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት አለው። በጊዜው ሌሶቶ ውስጥ ካለው የካትሴ ግድብ በሦስት ሜትር በልጦ በአፍሪካ ረጅሙ የቅስት ግድብ ሆኖ ነበር። ከኋላው ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የሚይዝ፣ በገደሎች መካከል እየተጠማዘዘ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተፈጥሯል።

ግድቡ የተሠራው 300 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ግን በዋግ ኽምራ በኩል በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ ወጣቶች በማኅበር እየተደራጁ መረብ መጣል ጀመሩ። ድርቅ በሚደጋግመው በዚያ ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ ስንት ዓሣ አለ? በየዓመቱስ ምን ያህል ቢወጣ ዘሩ አይጠፋም? ለዚህ መልስ መስጠት የዓሣ ተመራማሪ ሥራ ነው። ሥራው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ በተለይ ሐይቁ አዲስ ሲሆን።

የዚህ አካባቢ ዓሣ በሳይንስ መዝገብ የገባው ዘግይቶ አይደለም። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በስሜን በኩል አልፎ ጎንደር ደርሶ ነበር። ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ዛሬ በተከዜም በጣናም በአስጋሪ መረብ ውስጥ የሚገኘውን፣ ላቤዮባርበስ ኢንተርሚዲየስ የሚባለውን ዓሣም የመዘገበው ይኸው ሰው ነው። ዋልያው ዝነኛ ሆነ፤ ፓርክም ተከለለለት። ዓሣው ግን በጎንደር ገበያ «ነጭ ዓሣ» ተብሎ ከመሸጥ ያለፈ ትኩረት አላገኘም። እንደ እኔ ይህ አድልዎ ነው። ሁለቱም የዚህ ተራራ ውሃና ሣር ልጆች ናቸው።

ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ተከዜ ጠባዩ የሚለዋወጥ ወንዝ ነበር። አብዛኛው ውሃው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ደፍርሶና ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። በበጋ ጎድሎ ዓሣው በየኩሬው ይሰበሰባል። እዚያ የሚኖር ዓሣ ጎርፍንም ድርቅንም የለመደ ነው። ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ አልጌ የሚግጥ፣ ጋራ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ፤ ጅረት ሽቅብ የሚወጣው ነጭ ዓሣ አለ፤ ኦክስጅን ባነሰው ኩሬ ውስጥ አየር እየሳበ የሚቆየው አምባዛ አለ፤ ቆሮሶም (ቲላፒያ) አለ። ወንዙ በአንድ ጊዜ ሐይቅ ሲሆን የእነዚህ ሁሉ ዕጣ ይለያያል። የቆመ ውሃ የሚስማማው ቆሮሶ ይበዛል፤ የሚሮጥ ውሃ የሚፈልገው ጋራ ወደ ገባር ጅረቶቹ አፍ ይሸሻል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥር ደግሞ ያታልላል። ውሃው ሲወጣ ቁጥቋጦው፣ ሣሩ፣ የከብት እበቱና የእርሻ አፈሩ አብረው ይሰጥማሉ። ይህ ሁሉ ሲበሰብስ ማዕድኑ ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ በእሱ ደቂቅ ዕፅዋት ይራባሉ፤ ነፍሳት ይራባሉ፤ ዓሣውም በምግብ ይጠግባል። የሰጠመው ዛፍ ለጫጩት ዓሣ መሸሸጊያ ይሆናል። አዳኙ ዓሣ ደግሞ ገና አልበዛም። ስለዚህ አዲስ ሐይቅ፣ ጫካ ተመንጥሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደታረሰ መሬት፣ በመጀመሪያ ዓመታት ከልኩ በላይ ይሰጣል። ከዚያ የሰጠመው ነገር ሲያልቅ ምርቱ ይወርዳል። በጋና የቮልታ ሐይቅ ከተፈጠረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማለትም በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የዓሣ ምርቱ ከፍ ብሎ በኋላ ቀንሷል። ከአስዋን ግድብ ጀርባ ባለው የናስር ሐይቅ የተያዘው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ 34 ሺህ ቶን ደርሶ ከዚያ ወዲህ ወርዷል። በዚያ የጥጋብ ዘመን ብቻ ቆጥሮ የጀልባና የመረብ ብዛት የወሰነ ሰው በስተኋላ አስጋሪውን ባዶ መረብ ያስታቅፈዋል።

ቆጠራው እንዴት ይደረጋል? ዓሣ እንደ ከብት በበር አይቆጠርም። አንዱ መንገድ ምልክት ማድረግ ነው። ለምሳሌ 500 ዓሣ ይዘን ክንፋቸው ላይ ምልክት አድርገን እንለቃለን። ተቀላቅለው ከቆዩ በኋላ 400 ዓሣ ስንይዝ 20ዎቹ ምልክት ያላቸው ሆነው ይገኛሉ። ከያዝነው ከሃያ አንዱ ምልክት ካለው፣ ምልክት ያደረግንባቸው 500ዎቹም የጠቅላላው አንድ ሃያኛ ናቸው ማለት ነው፤ ስለዚህ 10 ሺህ ዓሣ አለ። ስሌቱ ያማረ ነው፤ ለትንሽ ኩሬም ይሠራል። ሸለቆ ለሸለቆ 70 ኪሎ ሜትር በተዘረጋ ውሃ ውስጥ ግን ምልክት የተደረገበት ዓሣ ከሌላው ጋር በእኩል መቀላቀሉን ማን ያረጋግጣል?

ስለዚህ በትልቅ ሐይቅ የሚሠራበት ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ የመረብ ዓይናቸው የተለያየ መረቦችን አያይዘው ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘረጋሉ፤ ማለዳ ያወጣሉ። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ትንሹን ይይዛል፤ ሰፊው ትልቁን። አንድ ዓይነት መረብ ብቻ የዘረጋ ሰው ስለ ሐይቁ ሳይሆን ስለ መረቡ ነው የሚነግረን። የተያዘው ዓሣ በመረብና በሌሊት ተከፋፍሎ ይሰላል፤ አንድ መረብ በአንድ ሌሊት ስንት ኪሎ ያዘ ማለት ነው። ይህ ቁጥር በሐይቁ ውስጥ ያለውን ዓሣ ብዛት አይነግርም። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው መረብ ሲደገም መጨመሩንና መቀነሱን ይናገራል። የጥናቱ ዋጋ ያለው በመደጋገሙ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጥናት ከግማሽ በላይ ጥቅሙን አጥቷል።

ማለዳ መረቡ ሲወጣ ሥራው ይጀመራል። እያንዳንዱ ዓሣ ከመረቡ ተፈትቶ ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው በማስመሪያ ይለካል፤ በሚዛን ይመዘናል። ክብደቱ ከርዝመቱ ጋር ሲነጻጸር ዓሣው መፋፋቱን ወይም መክሳቱን ያሳያል። ከዚያ ሆዱ በቢላ ይከፈታል። ዕንቁላሉ ደቃቅ ነው ወይስ ደርሷል? ተባዕቱ ዘሩ ፈሳሽ ሆኗል? ጨጓራው ውስጥ ጭቃ ነው፣ አልጌ ነው፣ ወይስ ሌላ ዓሣ? በዚህ ሁኔታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓሦች ከታዩ በኋላ ግማሾቹ ለመራባት የሚደርሱበት ርዝመት ይታወቃል። ለአስጋሪው የሚጠቅመው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ከዚያ ርዝመት በታች ያለው ዓሣ አልፎ እንዲሄድ የመረቡ ዓይን በልኩ ይወሰናል።

አምባዛ ግን በዚህ ዓይነት መረብ ብዙ አይገኝም። ጭቃ ውስጥ ስለሚውል ተከታታይ መንጠቆ ያለው ገመድ ያስፈልገዋል። የሰጠሙት ዛፎችም መረብ ይይዛሉ፤ ይቀድዳሉ። ጥልቀቱ ሌላ ችግር ነው። ግድቡ አጠገብ ውሃው ከመቶ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ላይኛው ሞቃት ውሃ ከታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር በቀላሉ አይቀላቀልም፤ ታች የሚበሰብሰው ነገር ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ከተወሰነ ጥልቀት በታች የተዘረጋ መረብ ባዶውን ቢወጣ አያስደንቅም። ዓሣው የሚኖረው ከላይ ባለው ስስ ንጣፍና በዳርቻው ነው። ዳርቻው ደግሞ አይረጋም። ተርባይን ውሃ ሲስብ የሐይቁ ወለል በአሥር ሜትሮች ይወርዳል። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ዳር አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ ዕንቁላሏን አፏ ውስጥ ታቅፋለች። ውሃው ከሸሸ ጎጆው ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። የመብራት ማመንጫ ውሳኔ በዚህ መንገድ የዓሣ ውሳኔ ይሆናል።

ከአስጋሪ ማኅበራት የሚሰበሰበው መዝገብስ? በጣም ጠቃሚ ነው፤ ግን ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ ይደምቃል፤ መረብም ይበዛል። ጾሙ ሲፈታ ገበያው ይቀዘቅዛል። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው በመጋቢት ዓሣው በዝቶ በግንቦት ያለቀ ሊመስለው ይችላል። የተለወጠው ግን ገበያው ነው። ለዚህ ነው የተመራማሪው መረብ ከነጋዴው መረብ ተለይቶ መዘርጋት ያለበት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የመራቢያው ጉዳይ ነው። ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን የሚጥለው በሐይቁ መካከል አይደለም። ክረምት ሲገባ ወደ ወንዞች አፍ ተሰብስቦ ሽቅብ ይወጣል፤ ንጹሕ፣ የሚሮጥ ውሃና ጠጠር ፈልጎ እዚያ ይራባል። በአንድ ቦታ በብዛት ስለሚሰበሰብም ለመያዝ ቀላል ነው። የጣና ታሪክ ማስጠንቀቂያ ነው። በጉማራና በርብ ወንዞች አፍ ላይ የመራቢያው ዓሣ በመረብ ሲታፈስ፣ የጣና ትልልቅ ላቤዮባርበሶች ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰዋል። በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎችም በዚያ ውስጥ ነበሩ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ያንን ፍልሰት ወንዝ ለወንዝ ተከታትለዋል። ለተከዜ ሐይቅም ያ ዓይነት ክትትል ይገባዋል። ከበየዳና ከጃናሞራ ምሥራቃዊ ቁልቁለት የሚወርዱ ጅረቶች አፍ በሐምሌና በነሐሴ ካልተጠና፣ በሐይቁ መካከል የተዘረጋው መረብ የሚያሳየን ያደገውን ዓሣ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ዳባትና ደባርቅ ደጋ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የተከዜ ሐይቅ ሲሞላ 1,140 ሜትር። በዚህ ልዩነት የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይቀንሳል። ቆሮሶ ውሃው 22 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ በደንብ አይራባም። ስለዚህ በደጋው ለመስኖ ወይም ለመጠጥ ውሃ ግድብ ሲሠራ የቆሮሶ ጫጩት አምጥቶ መጨመር ለወጣቶች የሥራ ዕድል ተብሎ ባይታሰብ ይሻላል፤ ብርዱ አያሳድገውም። ተፈጥሮ ራሷም በሩን ዘግታለች። የጅንባር ወንዝ ግጭ አጠገብ ወደ 500 ሜትር ገደል ይወረወራል። ከቆላ ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ ያንን አይሻገርም።

በደባርቅ ማዶ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት በኩል የሚወርደው የዛሬማ ወንዝ ከተከዜ ግድብ በታች ተከዜን ይቀላቀላል። በዚህ ወንዝ ላይ ለወልቃይት ስኳር ልማት መስኖ የሜይ ዴይ ግድብ ተገንብቷል። አዲስ ግድብ ሲሠራ ትክክለኛው ቆጠራ ወንዙ ከመዘጋቱ በፊት የሚጀምር ነው። እዚህ ያ ጊዜ አልፏል። ነገር ግን ከዚህ ግድብ ሐይቅ በላይ፣ ከሊማሊሞ ግርጌ እስከ ዛሬማ ከተማ ባለው ክፍል ወንዙ ገና ወንዝ ነው። በጥርና በየካቲት ውሃው ሲጎድል ዓሣው በኩሬዎቹ ይሰበሰባል። በዚያ ወቅት በእነዚያ ኩሬዎች ውስጥ የሚኖሩት ዝርያዎች፣ ርዝመታቸውና የመራቢያ ሁኔታቸው በተለያየ የመረብ ዓይን ከተመዘገበ፣ ታች ሐይቁ ውስጥ ለሚደረገው ቆጠራ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ሥራው ሁለት ጀልባ፣ ጥቂት መረብ፣ አንድ ሚዛንና በየዓመቱ በዚያው ወር የሚመለስ ቡድን ይፈልጋል። ደባርቅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከተማዋም ለወንዙ ቅርብ ናት።