ላም አለኝ በሰማይ፦ ቆጣሪ የሌለው ሰው የመብራት ድጎማ

በብሪታንያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የ2022ቱን ክረምት አንረሳውም። የጋዝና የመብራት ዋጋ ሰማይ ነክቶ፣ ሰው በገዛ ሳሎኑ ካፖርት ለብሶ የተቀመጠበት ክረምት ነበር። መንግሥት ለየቤተሰቡ 400 ፓውንድ የመብራት ድጎማ እሰጣለሁ አለ፤ ከኦክቶበር እስከ ማርች 2023 በስድስት ወር ከፋፍሎም ሰጠ። ግን ለማን?

ድጎማው የሚሄደው ቆጣሪን ተከትሎ ነበር። የመብራት ውል በስሙ ያለው ሰው ገንዘቡን አገኘ። ከመስመሩ ውጪ ከቀሩት መካከል ትራቭለር እየተባሉ የሚጠሩት የአየርላንድ ተጓዦችና ጂፕሲዎች ይገኙበታል። በ2021 ሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ከ71 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ስም ተመዝግበዋል፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል የሚኖረው በካራቫን ወይም በመሰል ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። ካራቫኖቹ በሚቆሙበት ሰፈር ብዙ ጊዜ የመብራቱ ውል በካውንስሉ ወይም በቦታው ባለቤት ስም ነው። ነዋሪው መብራቱን የሚገዛው ከእነርሱ፣ ጋዙን የሚገዛው በሲሊንደር ነው። ግድግዳው በሳሳ ቤት ብርዱን ይችላል፤ በኩባንያው መዝገብ ላይ ግን ስሙ የለም።

መንግሥት በወቅቱ እንደገመተው፣ እንዲህ ያለ ውል የሌለው ቤተሰብ ከ900 ሺህ በላይ ነበር። የማመልከቻው በር የተከፈተላቸው ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2023 ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል! ሜይ 31 ቀን ተዘጋ። ማመልከቻው በዋናነት በኢንተርኔት ስለነበረ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ፈተና ነበር። ካውንስሉም አድራሻ ሳያጣራ አይከፍልም። በመንገድ ዳር ካራቫኑን አቁሞ የሚያድረው ቋሚ አድራሻ ከየት ያመጣል? ድጎማው ለእርሱ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነበት።

«ታዲያ ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በጣም ያገባናል። ከእኛም መካከል አንዲት ክፍል ተከራይቶ የመብራቱን ለአከራዩ የሚከፍል ስንት አለ? የዚያን ዓመት 400 ፓውንድ የተቀበለው አከራዩ ነው። ተገቢውን ድርሻ ለተከራዩ እንዲያስተላልፍ ደንብ ያስገድደው ነበር። ስንቶቻችን ጠየቅን?

ያ ድጎማ አልፏል፤ ወጥመዱ ግን አላለፈም። ዛሬም በየክረምቱ ዝቅተኛ ገቢ ላለው የሚሰጠው 150 ፓውንድ ቅናሽ በአብዛኛው የሚደርሰው በመብራት ሂሳቡ ላይ ስሙ ላለ ሰው ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ውሉ በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። አከራይ መብራት ሲሸጥላችሁ ራሱ ከገዛበት ዋጋ በላይ ማስከፈል አይፈቀድለትም፤ የኩባንያውን ሂሳብ አሳየኝ በሉት። ትርፍ ከወሰደ በፍርድ ቤት ማስመለስ ይቻላል። ቋንቋው ቢያስቸግራችሁ የሲቲዝንስ አድቫይስ ቢሮዎች ያለ ክፍያ ያማክራሉ። ትራቭለሮቹ በዚህች አገር ስንት ትውልድ ኖረው እንዲህ ከተረሱ፣ ትናንት የመጣነውን እኛን ማን ያስታውሰናል?