ካራቺን ያጠቃት 45 ዲግሪ ብቻ አልነበረም

የ1436 ሂጅራ ረመዷን በፓኪስታን የገባው እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 2015 ነበር። በማግስቱ የካራቺ ሙቀት ወደ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠጋ። በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት በከተማዋና በአካባቢዋ ከ1,200 በላይ ሰዎች ሞቱ። የኤዲ ፋውንዴሽን የሬሳ ማቆያ ሞልቶ ለጀናዛ ማሳረፊያ ቦታ ጠፋ። አላህ ይዘንላቸው።

ካራቺ ባለችበት በሲንድ ክፍለ ሀገር፣ ወደ ሰሜን ገባ ብሎ ጃኮባባድ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ በበጋው 50 ዲግሪ መድረስ እንግዳ ነገር አይደለም። ካራቺ በሕዝብ ብዛት እጅግ ብትበልጥም፣ 45 ዲግሪ ይህን ያህል ሰው እንዴት ጨረሰ?

በደቡብ እስያ ከባዱ ሙቀት የሚመጣው ከዝናቡ በፊት ነው። ከኤፕሪል እስከ ጁን ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ መሬቱ ደርቋል፤ ደመናም የለም። ሞንሱን የሚባለው ዝናብ በጁን መጀመሪያ ገደማ በህንድ ደቡብ ጫፍ በኬራላ ይገባና ዴልሂ የሚደርሰው በወሩ መጨረሻ አካባቢ ነው። ካራቺን በዚህ ወቅት የሚታደጋት ከዐረቢያ ባሕር የሚነሳው ነፋስ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ባሕሩ ላይ የተፈጠረ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ነፋሱን አቋረጠባት። እርጥበቱ ግን አልሄደም።

እርጥበቱ ለምን እንደሚከፋ ለመረዳት እንስራን እናስብ። በእንስራ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው በኩል የሚያዣው ውሃ ስለሚተን ነው። የሰው ላብም ሥራው ይኸው ነው። አየሩ በእርጥበት ከተሞላ ላቡ ይወርዳል እንጂ አይተንም፤ ገላም አይቀዘቅዝም። ጂዳና ዱባይ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ስለዚህ ባለሙያዎች የቴርሞሜትሩን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለውም ይለካሉ። ይህ ልኬት 35 ዲግሪ ከደረሰ ጤነኛ ሰው እንኳ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለብዙ ሰዓት አይቋቋመውም። አረጋውያንና የጉልበት ሠራተኞች ከዚያ በታችም ይሞታሉ።

ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ብቻ እያዩ መደንገጥ ብዙ አይጠቅምም። በሜይ 2024 ከዴልሂ የተሰማው 52.9 ዲግሪ ዓለምን ሲያዞር ከቆየ በኋላ፣ የህንድ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት መለኪያው 3 ዲግሪ ያህል አብልጦ ማንበቡን ገለጸ።

በካራቺ ላይ ሌላም ተደራረበ። መብራት እየጠፋ ማራገቢያውም የውሃ ፓምፑም ቆመ። ቀን ሙሉ የጋለው ሲሚንቶና አስፋልት ሌሊቱንም ሙቀቱን ሲተፋ አደረ። ከሞቱት ብዙዎቹ አረጋውያን፣ ድሆችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። በፓኪስታን ደግሞ በጾም ሰዓት በአደባባይ መብላትና መጠጣት ከ1981 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው።

«ጾም ገደላቸው» ያሉ ነበሩ። እኛ እንዲህ አንልም። የአገሪቱ ዑለሞች በዚያው ሳምንት ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው ማፍጠር እንደሚችል ተናግረዋል። ይህ አዲስ ፈትዋም አይደለም፤ የታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንደሚያወጣ መድረሳ ያለ ልጅ ያውቀዋል። ችግሩ ሙቀት የመታው ሰው መታመሙን ራሱ ላያውቅ መቻሉ ነው። ይቀባጥራል፣ ግራ ይጋባል፣ «ደህና ነኝ፣ እስከ መግሪብ እችላለሁ» ይላል። ያኔ ሑክሙን ማስታወስ ያለበት አጠገቡ ያለው ሰው ነው። ወደ ጥላ ያስገባው፣ ገላውን በውሃ ያርሰው፣ ያራግብለት፣ ሐኪም ይጥራ። ራሱን የሳተን ሰው ግን ውሃ እንዲጠጣ ማስገደድ አይገባም፤ ሊያንቀው ይችላል።

የህንዷ አሕመዳባድ ከካራቺ ቀድማ ተመትታ ነበር። በሜይ 2010 ሙቀቱ 46.8 ዲግሪ ሲደርስ በአንድ ወር ውስጥ የሞተው ሰው ከወትሮው በ1,300 ያህል በለጠ። ከተማዋ በ2013 በደቡብ እስያ የመጀመሪያውን የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች። ትንበያው ሲከፋ ለነዋሪው በስልክ መልእክት ይደርሰዋል፤ የጤና ሠራተኞች ሙቀት የመታውን ሰው እንዲለዩ ይሠለጥናሉ። በኋላም የድሆች ሰፈር ጣሪያዎች ፀሐይን እንዲመልሱ ነጭ መቀባት ተጀመረ። ለዚህ ኖራም ይበቃል።