ብስክሌት የሚጭን ነጋዴ ለአየር ኪራይ ይከፍላል

ብስክሌት ቀላል ዕቃ ነው። ተራው ብስክሌት ቢበዛ ከ15 እስከ 18 ኪሎ ቢመዝን ነው። ይሁን እንጂ ከሞጆ ተነስቶ ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ፣ ወይም አዲስ አበባን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ የብስክሌት ጭነት የነጋዴውን ትርፍ መንገድ ላይ ሊበላው ይችላል። ምክንያቱ የዕቃው ክብደት ሳይሆን የሚይዘው ቦታ ነው።

ሞጆ የዚህ ሒሳብ መነሻ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። ከጅቡቲ የሚመጣው አውራ ጎዳና አዳማን አልፎ እዚህ ሲደርስ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሐዋሳ ይከፈላል። የቀድሞው ምድር ባቡር ያልፍባት የነበረች ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም ያልፍባታል። ደረቅ ወደቡ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ከጀመረ፣ በተለይም የመልቲሞዳል አሠራር ከተዘረጋ ወዲህ፣ በርካታ ኮንቴይነር እንደታሸገ ሞጆ ደርሶ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱ የሚፈጸመው እዚሁ ነው። ስለሆነም ዕቃው ወደ ነጋዴው እጅ የሚገባው፣ በማን መኪናና እንዴት ታስሮ ይሂድ የሚለው ጉዳይም የሚወሰነው ሞጆ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። 35 ኩንታል የሚጭን አንድ አይሱዙ እንውሰድ። የመጫኛው ርዝመት 4 ሜትር ከ50፣ ወርዱ 2 ሜትር ነው እንበል። ተገጣጥሞ ያለቀ ብስክሌት 1 ሜትር ከ75 ያህል ስለሚረዝም በመኪናው ወርድ አግድም ይቆማል። መሪው ግን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። በዚህ ዓይነት ጎን ለጎን ቢደረደር የሚገባው 7 ብስክሌት ብቻ ነው። መሪው ላልቶ ከአካሉ ጋር ትይዩ ሲዞርና ፔዳሎቹ ሲፈቱ አንዱ የሚይዘው ቦታ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ 18 ይገባል። በፋብሪካ ካርቶኑ እንዳለ፣ የፊት ጎማው ተፈትቶ ከታሸገ ደግሞ የካርቶኑ ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ረድፍ 22፣ በላዩ ሌላ ረድፍ ሲጨመር 44 ይሆናል።

ለአቆጣጠር እንዲመች የጉዞው ኪራይ 4,400 ብር ነው እንበል (የገበያ ዋጋ ሳይሆን ለስሌት የተወሰደ ቁጥር ነው)። በመጀመሪያው አጫጫን በአንድ ብስክሌት ላይ የሚያርፈው የትራንስፖርት ወጪ 629 ብር፣ በሁለተኛው 244 ብር፣ በሦስተኛው 100 ብር ብቻ ነው። መኪናው፣ ሾፌሩ፣ ነዳጁና መንገዱ አንድ ናቸው። ሞጆ ላይ ገጣጣሚ ቀጥሮ ብስክሌቱን አሰማምሮ የሚጭን ነጋዴ፣ ዕቃው እንደደረሰ ለመሸጥ ቸኩሎ ከስድስት እጥፍ በላይ ኪራይ ይከፍላል ማለት ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ገጣጣሚውን መቅጠር የሚገባው መሸጫው ከተማ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር አለ። 44ቱ ካርቶኖች ተደምረው ከ7 ወይም 8 ኩንታል አይበልጡም። መኪናው 35 ኩንታል የመሸከም አቅም እያለው ሩብ ያህሉን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አዋቂ ነጋዴ ወይም ደላላ ቦታ የማይፈጅ ከባድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ሚስማር ወይም ቆርቆሮ ያለው ባልደረባ ይፈልጋል። ከባዱ ከሥር ይነጠፋል፣ ብስክሌቱ ከላይ ይቆማል፣ ኪራዩ ይካፈላል። የአጫጫኑ ከፍታ ግን ከወትሮው ስለሚጨምር ሁለተኛውን ረድፍ መተው ሊያስፈልግ ይችላል። ጨው አራግፎ የመጣ መኪና ከሆነ ወለሉ ሳይታጠብ ካርቶን አይጫንበት፤ ዝናብ ካገኘው ቸርኬውና ካቴናው ዝገው ይደርሳሉ።

ኪራይ ቀንሶ ዕቃ ማበላሸት ደግሞ ትርፍ አይደለም። ካርቶን እንደ መጽሐፍ በቁሙ ይደረደራል እንጂ አይጋደምም፤ ከተጋደመ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ቸርኬ ያጣምመዋል። የፊት ጎማው ሲፈታ በሹካው ሁለት ጫፎች መካከል መደገፊያ መግባት አለበት። የፋብሪካው ፕላስቲክ ከጠፋ የእንጨት ቁራጭ ይበቃል። ይህ ካልተደረገ ሹካው ይጠብና መሸጫው ላይ ጎማው አልገባም ይላል። ካምቢዮ ያለው ብስክሌት ያለ ካርቶን ሲጫን የካምቢዮው ጎን ሌላው ብስክሌት እንዳይጫነው ተለይቶ ይቀመጣል። ገመድ የሚታሰረው በአካሉ ላይ እንጂ በጎማው ሽቦዎች ላይ አይደለም። የአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ከሲባጎ ይሻላል፤ አይላላም፣ ቀለምም አይልጥም። አንዳንዶች ጎማው ይፈነዳል በሚል ፍርሃት አየሩን ጨርሰው ያወጣሉ። ያለ ካርቶን ለሚሄድ ብስክሌት ይህ ስህተት ነው፤ አየር የሌለው ጎማ ቸርኬውን ከመንገጫገጭ አያድነውም። ግማሽ አየር በቂ ነው።

አንድና ሁለት ብስክሌት በቤት መኪና ለሚወስዱም ነገሩ ያው ነው። በፖርቶ መጋላ ላይ የቆመ ብስክሌት በመኪናው ከፍታ ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ይጨምራል፣ ነዳጅም ያስበላል። ከኋላ የታሰረ ደግሞ ሰሌዳውንና የፍሬን መብራቱን እንዳይሸፍን መጠንቀቅ ያሻል። በነገራችን ላይ ከአዲስ አበባ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ብስክሌት መንዳት ክልክል ስለሆነ፣ ብስክሌት በዚያ መንገድ የሚያልፈው ተጭኖ ብቻ ነው።

ወደ ነጋዴው እንመለስና ሰነዱንም እንይ። ብስክሌት በዓለም አቀፉ የታሪፍ ምደባ በ87.12፣ መለዋወጫው በ87.14 ይመደባል። ሙሉ ብስክሌት ተፈታትቶ ስለመጣ ብቻ መለዋወጫ አይሆንም፤ በምደባው አጠቃላይ ደንብ መሠረት እንደ ሙሉ ዕቃ ይቆጠራል። ቦታ ለመቆጠብ ፈትቶ ማስመጣት ጥሩ ነው፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ ግን ስሙ አይለወጥም። ይህን ሳያውቅ የሚገባ አስመጪ ሞጆ ላይ ክርክር ሲገጥም የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥርበታል።

የመድን ውሉንም ማንበብ ይገባል። መድረሻው ሞጆ ተብሎ ከተጻፈ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ሳይሸፈን ሊቀር ይችላል። በተጨማሪም በስፋት የሚሠራባቸው የጭነት መድን አንቀጾች በአስተሻሸግ ጉድለት የደረሰ ጉዳትን አይሸፍኑም። ሹካው ያለ መደገፊያ ተጭኖ ቢጣመም ካሣ መጠየቁ ከባድ ነው።

ከሾፌሩ ጋር የሚደረገው ርክክብም በካርቶን ብዛት ብቻ መሆን የለበትም። ፔዳል፣ ብሎንና ኮርቻ በትንሽ ከረጢት ለብቻ ስለሚታሸጉ ተቀደው የሚወድቁት እነሱ ናቸው። የተቀደደው ካርቶን ሞጆ ላይ ተለይቶ በቁጥር ይመዝገብ፤ መድረሻው ላይ ደግሞ ሾፌሩ ቀሪ ሒሳቡን ሳይቀበል፣ ጫኝና አውራጆቹም ሳይበተኑ፣ እነዚያው ካርቶኖች ቀድመው ተከፍተው ይቆጠሩ።