የአረጋውያን ሞት ጨመረ ወይስ ቀነሰ?

በጃፓን በ1980 ከሺህ ሰው በዓመት የሚሞተው 6 ገደማ ነበር። በ2019 ቁጥሩ ከሺህ 11 አለፈ። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ብቻ ያነበበ ሰው የጃፓን ጤና በአርባ ዓመት ውስጥ ክፉኛ አሽቆለቆለ ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ1980 65 ዓመት የሞላት ጃፓናዊት ገና የሚቀራት ዕድሜ በአማካይ 18 ዓመት የማይሞላ ነበር፤ በ2019 ወደ 24 ዓመት ተኩል ደርሷል። በ1963 አገሪቱ መቶ ዓመት የሞላቸውን ሰዎች ስትቆጥር ያገኘችው 153 ብቻ ነበር። በ2020 ከ80 ሺህ በልጠዋል።

ሰው ረጅም ዕድሜ እየኖረ የሞት መጠኑ እንዴት ይጨምራል? በ1980 ከመቶ ጃፓናውያን 65 ዓመት የሞላቸው 9 ያህል ነበሩ፤ በ2019 ግን 28 ሆነዋል። የሚወለደው ልጅ አንሷል፤ ቀድሞ በሃምሳና በስልሳ ዓመቱ ይሞት የነበረው ሰው ደግሞ ሰማንያን እየተሻገረ ነው። የሰማንያ ዓመት ሰው ከሃያ ዓመት ወጣት ይልቅ ለሞት እጅግ የቀረበ ስለሆነ፣ አገሩ ሲያረጅ የቀብሩ ብዛት ይጨምራል። ሁሉን ሟች ለሁሉ ሕዝብ አካፍሎ የሚገኘው ጥቅል የሞት መጠን የሚናገረው ስለ ጤና ብቻ አይደለም፤ ስለ ዕድሜ ስብጥርም ጭምር ነው። ሁለቱን ለይቶ አያሳይም።

ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እምብዛም የማይስተዋለው ቀጥሎ ያለው ነው። «እንግዲያው ወጣቱን ትተን 65 ዓመት የሞላቸውን ብቻ እናወዳድር» ስንል ችግሩ የተፈታ ይመስለናል። አልተፈታም፤ «65 እና ከዚያ በላይ» የሚባለው ቡድን ራሱ በውስጡ ያረጃልና። የ66 ዓመት ጡረተኛና የ93 ዓመት አዛውንት በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ የሞት ዕድላቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጃፓን ውስጥ በ2018 ከ75 ዓመት በላይ የሆኑት ሰዎች ብዛት ከ65 እስከ 74 ያሉትን ለመጀመሪያ ጊዜ በልጧል።

በምሳሌ ላስረዳ፤ ቁጥሮቹ ለማብራሪያ የፈጠርኳቸው ናቸው። በአንድ ከተማ አንድ ሺህ አረጋውያን አሉ እንበል። ስምንት መቶው ከ80 ዓመት በታች፣ ሁለት መቶው ከዚያ በላይ ናቸው። ከታናናሾቹ በዓመት ከሺህ 40፣ ከታላላቆቹ ከሺህ 120 ይሞታሉ። ሲደመር ከስምንት መቶው 32፣ ከሁለት መቶው 24፣ በድምሩ 56 ሰው ይሞታል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስንመለስ አረጋውያኑ አሁንም አንድ ሺህ ናቸው፤ ነገር ግን አምስት መቶው ከ80 በታች፣ አምስት መቶው ከ80 በላይ ሆነዋል። ሕክምናው ተሻሽሎ የታናናሾቹ ሞት ከሺህ ወደ 30፣ የታላላቆቹ ወደ 100 ወርዷል። ድምሩ 15 እና 50፣ ማለትም 65 ነው። በሁለቱም የዕድሜ ክልል ሞት ቀንሶ ሳለ፣ በጠቅላላው ከ56 ወደ 65 ጨመረ! የስሌት ስህተት የለበትም። ጥያቄው ነው የተሳሳተው።

መፍትሔው ዕድሜን ማመጣጠን ነው። የኋለኛውን ዘመን የሞት መጠን ወስደን በቀድሞው የዕድሜ ስብጥር ላይ እናሰላዋለን፦ ከስምንት መቶው 24፣ ከሁለት መቶው 20፣ በድምሩ 44። ስለዚህ ተመጣጣኙ ንጽጽር ከ56 ወደ 44 ነው፤ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ቅናሽ። በተቃራኒው የኋለኛውን ስብጥር መለኪያ ብናደርግ የቀድሞው 80፣ የአሁኑ 65 ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ሞት ቀንሷል፤ የቅናሹ ልክ ግን ጥቂት ይለያያል።

መለኪያ የሚሆነው ሕዝብ ምርጫ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሜሪካ ለብዙ አሥርት ዓመታት የ1940ን ሕዝቧን መለኪያ አድርጋ ስትሠራ ቆይታ፣ ከ1999 መረጃ ጀምሮ ወደ 2000 ሕዝብ ቀየረች። የ1995 የአገሪቱ ሞት በአሮጌው መለኪያ ከመቶ ሺህ ሰው 504 ገደማ ሲሆን፣ በአዲሱ ከ900 በላይ ነው። ዓመቱ ያው፣ ሟቾቹም እነዚያው ናቸው። የ2000 ሕዝብ በዕድሜ የበሰለ ስለሆነ የአረጋውያን ሞት በስሌቱ ውስጥ የበለጠ ሚዛን ደፋ እንጂ፣ ማንም ተጨማሪ ሰው አልሞተም። አንዱን ዘመን በአንዱ መለኪያ፣ ሌላውን በሌላ መለኪያ አድርጎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከባድ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለተራ አንባቢ ከሁሉ የሚቀለው መለኪያ፣ በእኔ ግምት፣ በ65 ዓመት የሚቀረው አማካይ ዕድሜ ነው። የስብጥር ለውጥ አያዛባውም፤ በዓመት ስለሚነገር ደግሞ ማንም ይረዳዋል። አሜሪካ ውስጥ በ1950 ወደ 14 ዓመት ነበር፤ በ2019 19.6 ደረሰ። ኮቪድ ሲመጣ በ2020 ወደ 18.5፣ በ2021 ወደ 18.4 ወረደ፤ ከዚያ መልሶ ማገገም ጀመረ። ሆኖም ይህ ቁጥር ትንቢት አይደለም። በዚያ ዓመት የታየው የሞት ሁኔታ ሳይለወጥ ቢቀጥል ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚል ስሌት ነው። በ2021 65 ዓመት የሞላው ሰው በእርግጥ 18.4 ዓመት ይኖራል ማለት አይደለም፤ ወረርሽኙ በየዓመቱ በዚያው ኃይል አይመላለስምና።

የረጅሙ ጊዜ ቅናሽ ከየት መጣ? በጃፓን ታሪኩ በአብዛኛው የስትሮክ ነው። ከ1951 እስከ 1980 ድረስ ከበሽታዎች ሁሉ ብዙ ጃፓናዊ ይገድል የነበረው ስትሮክ ሲሆን፣ በ1981 ካንሰር ቀደመው። በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ክፍል፣ አኪታን በመሰሉ አውራጃዎች፣ ለረጅሙ ክረምት በጨው የታሸ አትክልትና ጨው የበዛበት ሾርባ የዘወትር ምግብ ስለነበር የደም ግፊት ሰውን በጉልምስናው ይጥለው ነበር። ጤና ሠራተኞች በየመንደሩ እየዞሩ ግፊት ለኩ፤ ጨው ቀንሱ ብለው አስተማሩ። በ1961 የጤና መድን ሁሉንም ዜጋ አዳረሰ፤ ማቀዝቀዣ በየቤቱ ሲገባ በጨው የማቆየቱ ግድ ቀነሰ፤ የግፊት መድኃኒትም መጣ። በአሜሪካ ደግሞ የልብ ሕመም ነው። ዕድሜን አመጣጥነን ስናየው በ1950 ከመቶ ሺህ ሰው 590 ያህሉን ይገድል የነበረው የልብ ሕመም በ2019 ወደ 160 ገደማ ወርዷል። በ1964 የወጣው የሲጋራ ማስጠንቀቂያ፣ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ የድንገተኛ የልብ ሕክምና መሻሻል ሁሉም ድርሻ አላቸው። እኔን የሚያስደንቀኝ አብዛኛው ሥራ የተሠራው አዛውንቱ ገና ጎልማሳ ሳሉ መሆኑ ነው። የሰማንያ ዓመት ሰው ጤና በአርባ ዓመቱ ከበላውና ካጨሰው አይለይም።

ስለዚህም ትውልድን መርሳት አይቻልም። የአሜሪካ ወንዶች የሳንባ ካንሰር ሞት ከፍተኛ ጣሪያው ላይ የደረሰው በ1990 አካባቢ ነው፤ የሴቶቹ ዘግይቶ ነው። ሴቶች በብዛት ማጨስ የጀመሩት ከወንዶቹ በኋላ ስለነበር በሽታውም በዚያው ልክ ዘግይቶ ደረሰባቸው። የአንድ ዓመት የአረጋውያን ሞት ሲታይ፣ የዚያን ዓመት ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን ከአርባ ዓመት በፊት የነበረውን ኑሮም ነው የምናየው።

በቅርቡ ብዙ የተሰማው «ተጨማሪ ሞት» የሚባለው ስሌትም የራሱ ወጥመድ አለው። የዘንድሮን ሟች ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ጋር ማስተያየት ቀላል ነው። ነገር ግን እንደ ጃፓን ባለ የሚያረጅ አገር ሟቹ በየዓመቱ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ወረርሽኝ በሌለበት ዓመትም ቁጥሩ ከአማካዩ በላይ ይሆናል። ትክክለኛው ጥያቄ «ከአማካዩ በለጠ ወይ?» ሳይሆን «በዚህ ዓመት ይጠበቅ ከነበረው በለጠ ወይ?» የሚል ነው። በ2020፣ ዓለም በኮቪድ በተጨነቀበት ዓመት፣ የጃፓን ሟቾች ከቀደመው ዓመት በ8 ሺህ ያህል አነሱ። ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ሲራራቅ ጉንፋንና የሳንባ ምችም ቀንሰው ነበር። መጨመር በተለመደበት አገር መቀነስ ትልቅ ነገር ነው። በኋላ ግን በ2022 ቁጥሩ እጅግ አሻቀበ።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ችግሩ ከስሌቱ ይቀድማል፤ የሞት መጠን ለማግኘት የሟቹ ቁጥርና የሕዝቡ ቁጥር፣ ሁለቱም በዕድሜ ተለይተው፣ ያስፈልጋሉ። የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ፣ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ነው። ስለ ሕፃናትና ስለ እናቶች ሞት በየጊዜው የሚደረጉት የቤት ለቤት ጥናቶች ብዙ ነግረውናል፤ የአያቶቻችንን ሞት ግን ለመለካት የተሰናዱ አይደሉም። ክፍተቱን በከፊል የሸፈኑ ጥረቶች አሉ። በቡታጅራ አካባቢ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትና ሞት እየተከታተሉ መመዝገብ ተጀምሯል። በአዲስ አበባ ደግሞ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በየመካነ መቃብሩ ቀብሮች እየተመዘገቡ፣ ኤድስ ምን ያህል ሰው እንደነጠቀንና የመድኃኒቱ መምጣት ሞትን እንዴት እንደቀነሰ ታይቷል።

ሌላው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በቆጠራዎቻችን ላይ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ጎልተው ይታያሉ፤ 60፣ 65 እና 70 ነው የሚባለው እንጂ 63 ወይም 68 ብሎ የሚመልስ ጥቂት ነው። የልደት ቀን ያልተጻፈለት ሰው ዕድሜውን ገምቶ ይናገራል፤ ሽምግልና በሚከበርበት ቦታ ደግሞ ግምቱ ወደ ላይ ማዘንበሉ ያለ ነው። የ70 ዓመት ሰው 80 ተብሎ ሲቆጠር፣ የ«ሰማንያዎቹ» ቡድን ጠንካራ በሆኑ ታናናሾች ይሞላና የሞት መጠኑ ከእውነተኛው በታች ይሆናል። መዝገብ ያለበት አገርም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ በ2010 ጃፓን ውስጥ አድራሻቸው የጠፋ ከ230 ሺህ በላይ መቶ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በቤተሰብ መዝገብ ላይ በሕይወት እንዳሉ ተጽፈው ተገኝተዋል። የአገሪቱ የዕድሜ ስሌት በዋናነት ከቆጠራ የሚነሣ ስለነበር ብዙ አልተናጋም።

ስለዚህ ቆጣሪ ወይም መዝጋቢ ቤት መጥቶ የእማማን ወይም የአባባን ዕድሜ ሲጠይቅ፣ «ሰባ ይሆናሉ» ብሎ ከማለፍ ከሚታወስ ዘመን ጋር ማያያዝ ይረዳል። ጣሊያን ሲገባ ተወልደው ነበር ወይ? በ1966 ዓ.ም. አብዮት ጊዜ ስንት ልጅ ነበራቸው? የበኩር ልጃቸው መቼ ተወለደ? እንዲህ የተገኘ ዕድሜ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ቢሳሳት ብዙ አይጎዳም፤ በአሥር ዓመት የሚሳሳተው ግን በኋላ የሚሰላውን ሁሉ ያዛባል።