የማን ታሪክ፣ በማን ፊት? ትውልደ ናይጄሪያ ተዋንያን በዓለም ፊልም

በ2014 ለእይታ የበቃው «ሰልማ» የተሰኘው ፊልም ጥቁር አሜሪካውያን የመምረጥ መብታቸውን ለማስከበር ያደረጉትን ትግል ይተርካል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማርቲን ሉተር ኪንግን የተጫወተው ዴቪድ ኦዬሎዎ፣ ባለቤቱን ኮሬታን የተጫወተችው ደግሞ ካርመን ኢጆጎ ናት። ሁለቱም የተወለዱት እንግሊዝ ነው። የእሱ ወላጆች ናይጄሪያውያን ናቸው፤ የእሷ አባት ናይጄሪያዊ፣ እናቷ ስኮትላንዳዊት ናቸው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በወጣው «ትዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ» ነጻ ሆኖ ሳለ ታፍኖ ለባርነት የተሸጠውን ሰለሞን ኖርዝአፕን የተጫወተው ቺዌቴል ኤጂዮፎር ነበር። በዚያው ፊልም ልጆቿን የተነጠቀችውን ኢላይዛን ሆና የቀረበችው አዴፔሮ ኦዱዬም ብሩክሊን ውስጥ ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደች ናት። በ2019 ደግሞ ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ያስመለጠችውን ሃሪየት ተብማንን ሲንቲያ ኤሪቮ ተጫወተቻት፤ እሷም ለንደን ያደገች የናይጄሪያ ኢግቦዎች ልጅ ናት።

የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ዓምድ የሆኑ ሰዎች በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተከታትለው በናይጄሪያውያን ልጆች ፊት ወደ ሲኒማ ወጡ። ስለነዚህ ተዋንያን ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ሽልማታቸው ነው። እኔ ግን ከሽልማቱ በፊት የሚናው ነገር ያሳስበኛል፤ የተሰጣቸው የማን ታሪክ ነው? የራሳቸውስ የት ቀረ?

መንገዱን የጀመሩት እነሱ አይደሉም። ኦርላንዶ ማርቲንስ በ1899 ሌጎስ ተወልዶ፣ ወጣት ሳለ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ፣ ለእንጀራው ሲል ነጻ ትግል እስከ መጋጠም የደረሰ ሰው ነበር። በ1935 ከፖል ሮብሰን ጋር በ«ሳንደርስ ኦቭ ዘ ሪቨር» ተጫወተ። ታሪኩ ናይጄሪያ ውስጥ የሚካሄድ ቢሆንም ፊልሙ የሚያሞግሰው የእንግሊዝን ቅኝ አገዛዝ ነው፤ ሮብሰን ራሱ በኋላ አፍሮበታል። በ1949ኙ «ዘ ሄስቲ ሃርት» ደግሞ ማርቲንስ፣ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከሆነው ከሮናልድ ሬጋን ጋር በአንድ የሆስፒታል ክፍል የተኛ አፍሪካዊ ወታደር ሆነ። ገጸ ባሕርይው እንግሊዝኛ ስለማይችል ከሞላ ጎደል ቃል አይወጣውም። ማርቲንስ ይህን በመሰለ ጠባብ ቦታ ላይ እንኳ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ተዋናይ ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣው ቦላጂ ባዴጆ ደግሞ ፊቱም አልታየም። በ1979 በሪድሊ ስኮት «ኤሊየን» ውስጥ ያን ረጅም አስፈሪ ፍጡር ሆኖ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሴንቲ ገደማ ነበር። ለንደን ውስጥ የግራፊክስ ተማሪ ሳለ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ አይተው መለመሉት፤ ከዚያ በፊት ተውኖ አያውቅም። ወደ ለንደን ከመሄዱ በፊት አገራችን ኢትዮጵያ ውስጥም ቆይቷል፤ ይህን የሚያውቅ ተመልካች ግን እዚህ ጥቂት ነው። ከዚያ ፊልም በኋላ ሌላ ሳይሠራ ወደ ናይጄሪያ ተመለሰ፤ በ1992 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ሳለ አረፈ።

ዛሬ በስም የምናውቃቸው ተዋንያን የስደት ልጆች ናቸው። ናይጄሪያ በ1960 ነጻ ከወጣች በኋላ ብዙ ወጣት ባለትዳሮች ተምረው ለመመለስ ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ከ1967 እስከ 1970 የቆየው የቢያፍራ የእርስ በርስ ጦርነትና በ1980ዎቹ የነዳጅ ዋጋ መውደቅ ያስከተለው ድቀት ደግሞ መመለሱን አራዘመው፤ ሌሎችንም አሰደደ። ቀን እየሠሩ ማታ የሚማሩት ወላጆች ልጅ የሚይዝላቸው ዘመድ ስላልነበራቸው፣ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለነጭ ቤተሰቦች እየከፈሉ ያሳድጉ ነበር። ልማዱ «ፋርሚንግ» ይባል ነበር።

አዴዋሌ አኪኑዬ አግባጄ የዚህ ልማድ ልጅ ነው። በ1967 ለንደን ተወልዶ ገና በጨቅላነቱ ቲልበሪ በምትባል የወደብ ከተማ ለሚኖር ድኻ ነጭ ቤተሰብ ተሰጠ። እዚያ ጥቁር ልጅ መሆን በየቀኑ መደብደብ ነበር። በመጨረሻም የሚደበድቡትን ጸጉራቸውን የተላጩ ዘረኛ ወጣቶች ቡድን ራሱ ተቀላቀለ፤ ቆዳውን እስከመጥላት ደርሶ ነበር። ከዚያ አዘቅት ወጥቶ ሕግ ተማረ፣ በአሜሪካ ተከታታይ ድራማዎች «ኦዝ» እና «ሎስት» ታወቀ። በ2018 የራሱን ሕይወት «ፋርሚንግ» በሚል ርዕስ ጽፎ አዘጋጀው፤ በእሱ አምሳል የተቀረጸውን ወጣት ዳምሰን ኢድሪስ ሲጫወት እሱ የገዛ አባቱን ሆኖ ገባ። ልጁን ለባዕድ የሰጠውን አባት ለመተወን ያንን ሰው ከውስጡ መረዳት ያስፈልጋል። እኔ ከዚህ ትውልድ ሥራዎች መካከል ይህን ያህል የከበደ ሚና አላውቅም።

ኤጂዮፎር ያደገው በተደላደለ ቤት ነው፤ አባቱ ሐኪም፣ እናቱ የመድኃኒት ባለሙያ ነበሩ። በ1988፣ በ11 ዓመቱ፣ ለሠርግ ወደ ናይጄሪያ ሄደው ሳለ መኪናቸው ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨ። አባቱ ሞቱ፤ እሱ ክፉኛ ቆስሎ ተረፈ፤ ጠባሳው ዛሬም ግንባሩ ላይ አለ። ለንደን ውስጥ ላምዳ በሚባለው የድራማ ትምህርት ቤት ገና ተማሪ ሳለ ስቲቨን ስፒልበርግ ለ1997ቱ «አሚስታድ» መረጠው። የተሰጠው ሚና በተማረኩት አፍሪካውያንና በአሜሪካ ፍርድ ቤት መካከል የሚያስተረጉመው ወጣት ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመታት በመድረክና በትንንሽ ፊልሞች ተፈትኖ ነው በሰለሞን ኖርዝአፕ ሚና ባፍታ የተባለውን የእንግሊዝ የፊልም ሽልማት ያሸነፈው፤ ለኦስካርም የታጨው።

ከነዚህ ሰዎች ጀርባ ትምህርት ቤትና መድረክ አለ። ኤጂዮፎርና ኦዬሎዎ ከላምዳ፣ ኤሪቮና ዛሪያ ተወልዳ ማንቸስተር ያደገችው ዉንሚ ሞሳኩ ደግሞ ራዳ ከሚባለው ሌላው አንጋፋ ትምህርት ቤት ወጡ። ሁለቱም ሼክስፒርን የሚያሠለጥኑ፣ ድምፅንና ትንፋሽን የሚገሩ ተቋማት ናቸው። ነገር ግን ያው አገር፣ አሠልጥኖ ሲያበቃ፣ የሚያሰማራበት ሜዳ አላዘጋጀላቸውም። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሚወደው የነገሥታትና የመኳንንት ዘመን ድራማ ነው፤ በዚያ ውስጥ ለጥቁር ተዋናይ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነበር። ኦዬሎዎ በ2000 በሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ሄንሪ ስድስተኛን ሲጫወት፣ በዚህ አንጋፋ መድረክ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ ተብሎ ብዙ ተጻፈበት፤ ያልወደዱትም ነበሩ። እሱ ግን ልጅነቱን ሌጎስ ውስጥ፣ በቤተሰቡ ስም በተሰየመ መንገድ ላይ ያሳለፈ፣ አባቱም ከነገሥታት ዘር እንደሆኑ ሲነገረው ያደገ ልጅ ነበር። ዘውድ መድፋት ለእሱ እንግዳ አልነበረም።

የ«ሰልማ»ን ጽሑፍ በ2007 ሲያነብ ኪንግን እንደሚጫወት ልቡ ነገረው፤ ከእግዚአብሔር የመጣ ጥሪ ነው ብሎም ይናገራል። ፊልሙ ግን ከአንድ ዳይሬክተር ወደ ሌላው ሲንከባለል ሰባት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ አብሯት በሠራት በኤቫ ዱቨርኔ እጅ እንዲገባ የጎተጎተውም እሱ ነው። የኪንግን ንግግሮች በፊልም የመጠቀም መብት ለሌላ ወገን ተሰጥቶ ስለነበር ዱቨርኔ ንግግሮቹን እንደ አዲስ ጻፈቻቸው። ስለዚህ ኦዬሎዎ በኪንግ ድምፅና ግርማ የተናገረው ኪንግ ያልተናገራቸውን ቃላት ነው፤ ተመልካቹ ግን አመነው። ኦስካር ሳያጨው ሲቀር፣ በዚያ ዓመት በትወና የታጩት 20ዎቹም ነጭ ስለነበሩ፣ ኦስካር የነጮች ብቻ ነው የሚለው የማኅበራዊ ሚዲያ ዘመቻ ተነሣ።

ቅሬታው ግን ከሌላ ወገንም መጣ። በ2017 ሳሙኤል ኤል ጃክሰን ለአሜሪካዊ ጥቁር የሚገባው ሚና ለምን ከእንግሊዝ ለመጡ ይሰጣል ብሎ ጠየቀ። ኤሪቮ ሃሪየት ተብማንን ልትጫወት ስትመረጥም ተቃውሞው በርትቶ ነበር። እኔ ይህን ቅሬታ እንደ ቅናት አላየውም። በቂ ሚና በሌለበት አገር እያንዳንዱ ሚና የአንድ ሰው ሕይወት ነው። በሌላ በኩል ግን የባሪያ መርከቦቹ ብዙ ሰው የጫኑት ከዛሬው ናይጄሪያ ጠረፍ ስለሆነ ታሪኩ ለኢግቦም ለዮሩባም ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከኢትዮጵያዊ ሐኪምና ከአየርላንዳዊት ነርስ የተወለደችው ሩት ነጋም «ላቪንግ» ላይ ጥቁር አሜሪካዊት ሆና ለኦስካር ስትታጭ፣ እዚህ ያለን ሰዎች የደስታችንን ያህል ጥያቄውን አላሰብንበትም። ጥፋቱ ሚናውን በሚያድሉት ላይ ነው። በ2015 «ኮንከሽን» በተባለው ፊልም ናይጄሪያዊውን ሐኪም ቤኔት ኦማሉን የተጫወተው ዊል ስሚዝ ነበር። ናይጄሪያውያን ተዋንያን አሜሪካዊ ሲሆኑ አሜሪካዊ ኮከብ ናይጄሪያዊ ይሆናል፤ ሚዛኑ የገበያ እንጂ የችሎታ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ያደጉት መንገዳቸው ሌላ ነው፤ ብዙዎቹ በቴሌቪዥን ነው የወጡት። ማሳቹሴትስ ያደገችው ኡዞ አዱባ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ሦስት ጊዜ አሸንፋለች። ኢቮን ኦርጂ በሕብረተሰብ ጤና ማስተርሷን ይዛ ነው ወደ ቀልድ የዞረችው፤ የናይጄሪያ ወላጅ ለልጁ የሚመኘው ሕክምና መሆኑን እኛም ከቤታችን እናውቀዋለን። አዮ ኤደቢሪም «ዘ ቤር» ላይ ባሳየችው ሥራ ኤሚ ወስዳለች።

ፔክሃም በተባለው የናይጄሪያውያን የለንደን ሰፈር ያደገው ጆን ቦዬጋ በሰፈሩ የልጆች ቴአትር ተኮትኩቶ በ23 ዓመቱ «ስታር ዋርስ» ላይ ደረሰ። በ2015 የመጀመሪያው ፊልም ሲወጣ ዋና ጀግና መስሎ ነበር፤ በተከታዮቹ ሁለት ፊልሞች ግን ሚናው እየሳሳ ሄደ። በ2020 ይህን በይፋ ተናገረ፤ ጥቁር ተዋናይን ለማስታወቂያ አጉልቶ ወደ ዳር መግፋት ነው አለ። ከዚያ በፊት በሰኔ ወር ሃይድ ፓርክ ውስጥ በተደረገው የጥቁሮች ሰልፍ ላይ እንባ እየተናነቀው ሲናገር፣ ይህን ካልኩ በኋላ ሥራ ይኖረኝ እንደሆን አላውቅም፣ ግድ የለኝም ብሎ ነበር። ሥራው ግን አልተቋረጠም። በ2022 «ዘ ዉማን ኪንግ» ላይ የዳሆሜን ንጉሥ ጌዞን ሆኖ መጣ። የዳሆሜ ጠላት በፊልሙ የኦዮ ግዛት ነው፤ ኦዮ ደግሞ የዮሩባዎች፣ የቦዬጋ የራሱ ወገኖች፣ መንግሥት ነበር። የኦዮን የጦር አዛዥ የተጫወተው ከሌጎስ የመጣው ጂሚ ኦዱኮያ ነው። የለንደን ልጅና የናይጄሪያው ፊልም ኢንዱስትሪ የኖሊውድ ተዋናይ በአንድ የሆሊውድ ፊልም፣ በምዕራብ አፍሪካ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ፊት ለፊት መቆማቸው ለእኔ ከብዙ ዋንጫ ይበልጣል።

ኤሪቮም በ2024 «ዊክድ» ላይ አረንጓዴ ቆዳ ያላትን ኤልፋባን ስትጫወት፣ ለመሪ ተዋናይት ኦስካር ለሁለተኛ ጊዜ ታጨች። የባርነት ታሪክ በሌለበት የተረት ዓለም፣ በድምፅዋና በትወናዋ ብቻ ተመዝና።

የአባቶቻቸውን አገር ታሪክ መሥራት ግን አሁንም ከባድ ነው። በ2013 ቢዪ ባንዴሌ የቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼን ልብ ወለድ «ሃፍ ኦቭ ኤ የሎ ሰን»ን ናይጄሪያ ውስጥ ሲቀርጽ ኤጂዮፎርና ቦዬጋ አብረው ተሰለፉ። ፊልሙ የቢያፍራን ጦርነት ስለሚያነሳ አገር ቤት በሳንሱር ታግዶ ቆይቶ ነው የታየው። በ1992 «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» በቪዲዮ ካሴት ከተሸጠ ጀምሮ የራሱን ገበያ የፈጠረው ኖሊውድም ወደ ውጭው መድረክ ሲወጣ ሌላ አጥር ጠበቀው። የጄኔቪቭ ንናጂ «ላየንኸርት» በ2019 ናይጄሪያን ወክሎ ለኦስካር ሲቀርብ፣ ንግግሩ በብዛት እንግሊዝኛ ነው ተብሎ ከዓለም አቀፍ ፊልም ውድድር ወጣ። እንግሊዝኛው ያገሪቱ የመንግሥት ቋንቋ መሆኑ አላዳነውም።

በ2025 የአኪኖላ ዴቪስ «ማይ ፋዘርስ ሻዶ» በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የናይጄሪያ ፊልም ሆነ። ታሪኩ ሰኔ 1993 የናይጄሪያ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ውጤት በተሰረዘበት ወቅት ሁለት ልጆች ከአባታቸው ጋር ሌጎስ ውስጥ የሚያሳልፉት አንድ ቀን ነው፤ አባትየውን የተጫወተው እንግሊዝ ያደገው ሶፔ ዲሪሱ ነው። ኪንግም፣ ተብማንም፣ ኖርዝአፕም የሉበትም፤ በዮሩባና በፒጅን የሚናገር የሌጎስ አባት ነው። ለኦስካር ዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ ይህን ፊልም የላከችው ግን ብሪታንያ ናት።