«ማን አጠፋ?» የማይባልበት ችሎት

በዋሺንግተን ዲሲ፣ ከዋይት ሐውስ አጠገብ ባለው የላፋዬት አደባባይ ዳር፣ የአሜሪካ የፌዴራል የይገባኛል ጥያቄዎች ፍርድ ቤት ይገኛል። «ክትባት ጎዳኝ» ወይም «ልጄን ጎዳብኝ» የሚል የካሳ አቤቱታ የሚቀርበው እዚህ ነው። ተጠሪው ክትባቱን ያመረተው ኩባንያ ሳይሆን የጤናና ሰብአዊ አገልግሎት ሚኒስትሩ ናቸው። ልዩ ዳኞቹም ጉዳቱ ከክትባቱ የመጣ መሆን አለመሆኑን እንጂ ማን እንዳጠፋ አይመረምሩም።

አሠራሩ የተወለደው ከጭንቅ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የትክትክ፣ የዘጊ አነዳና የመንጋጋ ቆልፍ ጥምር ክትባትን ተከትሎ ክስ ጎረፈ። አምራቾች ገበያውን እየጣሉ ሲወጡ ክትባት እንዳይጠፋ ተሰጋ። የታመመ ልጅ የያዙ ወላጆችም ከግዙፍ ኩባንያ ጋር ዓመታት መሟገት ነበረባቸው። ኮንግረስ በ1986 ሕጉን አወጣ፤ ሥራው በ1988 ተጀመረ።

የካሳ ፈንዱ ገንዘብ የሚመጣው ከክትባቱ ከራሱ ነው። አንድ ክትባት በሚከላከለው በሽታ ቁጥር ልክ 75 ሳንቲም ታክስ ይከፈልበታል፤ ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን በአንድነት የሚከላከለው 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ያዋጣል ማለት ነው። ሐሳቡ ከእድራችን አይርቅም፤ ሁሉም ጥቂት ያዋጣል፣ መከራ የደረሰበት ቤት ይደገፋል።

ለካሳ ጉዳቱ ከ6 ወር በላይ የቆየ፣ ሆስፒታል አስተኝቶ ለቀዶ ሕክምና ያበቃ ወይም ሞት ያስከተለ መሆን አለበት። ሕጉ የጉዳት ሰንጠረዥም አለው። ለምሳሌ መርፌው ያለቦታው ገብቶ የትከሻ ጉዳት ቢያደርስና ምልክቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢታይ፣ መንስኤው ክትባቱ እንደሆነ ይገመታል። ከሰንጠረዡ ውጭ የሆነውን ግን አመልካቹ በሐኪም ምስክር ያስረዳል። ለሥቃይ የሚከፈለው ከ250,000 ዶላር አይበልጥም፤ ሕክምናና የቀረ ገቢ ለብቻ ይታሰባሉ። አቤቱታው በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት የቀረበ ከሆነ፣ አመልካቹ ቢሸነፍም እንኳ የጠበቃውን ክፍያ ፈንዱ ይሸፍናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካሳ ከሚያገኙት አቤቱታዎች 60 በመቶ ያህሉ የሚያልቁት በስምምነት ነው፤ ስምምነት ደግሞ ክርክሩን ለማሳጠር የሚደረግ እንጂ «ክትባቱ ጎድቷል» የሚል ፍርድ አይደለም። እስካሁን ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏል፤ ሆኖም ካሳ የሚያገኘው ከአንድ ሚሊዮን ክትባት አንድ ሰው ገደማ ነው። ችሎቱ ለጠየቀው ሁሉ አይሰጥም፤ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዙ ከ5,000 በላይ አቤቱታዎች ቀርበው፣ ለመፈተኛ የተመረጡት በ2009 እና በ2010 ውድቅ ሆነዋል።

ጉድለትም አለ። የ250,000 ዶላሩ ጣሪያ ከ1986 ጀምሮ አልተነሣም፣ ስለዚህ ዋጋው ዓመት በዓመት እየሳሳ ሄዷል። ያም ሆኖ መሠረቱ ትክክል ነው፤ ክትባት የሁላችን ጋሻ ከሆነ፣ በጋሻው የቆሰለውን ጥቂት ሰው ብቻውን መተው አይገባም።

በአሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖች፦ ለማመልከት ዜግነት አያስፈልግም፤ ለጉዳት የማመልከቻው ጊዜ ግን የመጀመሪያው ምልክት ከታየ 3 ዓመት ብቻ ነው። የክትባት ካርዳችሁን አትጣሉ፤ ምልክት ካያችሁ ቀኑን ጻፉ።