ጤናማ አመጋገብና የግል ኃላፊነት በወላይታ ማዕድ

ከፍተኛ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ታካሚ ከጤና ተቋም ሲወጣ መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል፤ የምግብ ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ «ጨውና ቅባት ይቀንሱ» ከሚል አጭር ትእዛዝ አያልፍም። ትእዛዙ ትክክል ቢሆንም ታካሚው በራሱ ማዕድ ላይ ምን እንደሚለውጥ አያመለክተውም። ሰው ለሚመገበው ኃላፊነት እንዲወስድ የሚጠበቅ ከሆነ በቅድሚያ በእጁ ያለው ምርጫ ተለይቶ ሊነገረው ይገባል።

የወላይታ ዞን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አካባቢው ሕዝብ በብዛት ተጠጋግቶ የሚኖርበት፣ የአብዛኛው ገበሬ ይዞታም ጠባብ የሆነበት ሲሆን፣ የዕለት ምግቡ በእንሰት፣ በበቆሎ፣ በስኳር ድንች፣ በጎደሬና በቦሎቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም የፕሮቲን ይዘቱ እጅግ አነስተኛ ነው። በመሆኑም ከቦሎቄ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር መመገቡ ጉድለቱን ያካክሳል። ነጭ ሥጋ ያለው ስኳር ድንች ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ንጥረ ነገር እምብዛም የለውም፤ ብርቱካንማው ግን በዚሁ የበለጸገ ነው። የብርቱካንማው ቁራጭ የሚገኝ ከሆነ የትኛው ይተከል የሚለው ውሳኔ የቤተሰቡ ነው።

ከዕለት ምግብ ባሻገር የበዓል ማዕድም ትኩረት ይሻል። በመስከረም ወር ለሚከበረው ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ወንዶች ለእርድ በሬ፣ ሴቶች ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ በጋራ ይቆጥባሉ። ይህ ልማድ ኅብረተሰቡ ስለ ምግቡ አስቀድሞ የማቀድ ችሎታ እንዳለው ያሳያል። ስለሆነም ታካሚውን ከበዓሉ እንዲርቅ ከመንገር ይልቅ የሚበላውን መጠን አስቀድሞ እንዲወስን መርዳት ይበልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ሲሆን፣ በዳጣ ውስጥ ያለውም አብሮ ይቆጠራል። ጥሬ ሥጋን በተመለከተም ዳጣም ሆነ አረቄ የኮሶ ትልን እጭ እንደማይገድል፣ የሚገድለው በሚገባ ማብሰል መሆኑን በግልጽ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ የግል ኃላፊነት ወሰን አለው። በ1992 ዓ.ም. ወላይታን በመታው የምግብ እጥረት ሕፃናት ለከፍተኛ የምግብ እጥረት በሽታ የተጋለጡት ወላጆች መጥፎ ምግብ ስለመረጡ ሳይሆን የሚመረጥ ምግብ ስላልነበረ ነው። ዛሬም አዝመራ ሳይደርስ ጎተራው ባዶ የሆነበትን ቤተሰብ በአመጋገቡ መውቀስ ታካሚውን ከጤና ጣቢያው ከማራቅ በቀር የሚያስገኘው ጥቅም የለም። እንዲህ ያለው ቤተሰብ የሚያስፈልገው የሰውነት መጎዳት ምርመራና ወደ ድጋፍ የሚያደርስ ሪፈር ነው።

ከዚህ በመነሳት የጤና ባለሙያው ከምክሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ መልካም ነው፦ በቤቱ ውስጥ ምን ምግብ አለ? የሚገዛው ማን ነው? የሚያበስለውስ? ወጡን የምትሠራው ባለቤቱ ከሆነች፣ ጨው የመቀነሱ ምክር ለባል ብቻ ተነግሮ ውጤት አያመጣም፤ ሁለቱም በአንድነት ሊሰሙት ይገባል። በመጨረሻም ታካሚው ራሱ የመረጠው አንድ ለውጥ በካርዱ ላይ ተመዝግቦ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይጠየቅ። ለውጡ ካልተሳካ ደግሞ ባለሙያው ከተግሣጽ በፊት እንቅፋቱ የፈቃድ ማነስ ወይስ የአቅም ማጣት መሆኑን ይለይ።